ዘር ተለይቶ እንደሚቀመጥ፦ የድርጅት ሰርቨርን ከሳይበር ጥቃት መጠበቅ ለገበሬው ምኑ ነው?

መስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በቆሎና አኩሪ አተር የሚሰበሰብበት ሰሞን ነበር። ገበሬዎች ምርታቸውን በከባድ መኪና እየጫኑ ኒው ኮኦፐሬቲቭ ወደተሰኘው የኅብረት ሥራ ማኅበራቸው ጎተራ ያመላልሳሉ። ማኅበሩም እየመዘነ ይረከባል፤ ለእንስሳት አርቢ አባላቱ መኖ ያከፋፍላል። በዚህ መሀል የማኅበሩ ኮምፒዩተሮች ተቆለፉ። ብላክማተር በሚል ስም የሚጠራ የወንጀለኞች ቡድን ወደ ማኅበሩ ኔትወርክ ሰርጎ ገብቶ መረጃውን በምስጢር ኮድ ዘጋው፤ መክፈቻውን ለመስጠትም 5 ነጥብ 9 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ።

ማኅበሩ ከአጥቂዎቹ ጋር በተለዋወጠው መልእክት የ11 ሚሊዮን እንስሳት የመኖ ፕሮግራም በእነዚሁ ኮምፒዩተሮች ላይ የተመሠረተ መሆኑን ገልጾ ነበር። አጥቂዎቹ ግን በዚህ አልራሩም። ማኅበሩ ጉዳቱ እንዳይዛመት ሥርዓቱን በራሱ እጅ ከኔትወርክ አላቅቆ እህል መረከቡንና መኖ ማከፋፈሉን በአማራጭ ዘዴ ቀጠለ።

ነገሩ የአንድ ማኅበር ዕጣ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ለግብርናው ዘርፍ ባሠራጨው ማስጠንቀቂያ፣ በዚያው የመኸር ወቅት ስድስት የእህል ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጠቃታቸውን አስታውቋል። ከዚያ በኋላ የተፈጸሙ ሁለት ጥቃቶችም የዘርና የማዳበሪያ አቅርቦትን በማወክ የዘር ወቅቱን ሊያስተጓጉሉ ይችሉ እንደነበር ገልጿል። ቢሮው አጥቂዎች የዘርና የመኸር ወቅትን ጠብቀው ሊመጡ እንደሚችሉ አሳስቦም ነበር።

ለምን በመኸር? መልሱን ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። እህሉ አውድማ ላይ እያለ ሰማዩ የጠቆረበት ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ለጉልበት ሠራተኛ የተጠየቀውን ከፍሎ እህሉን ያስገባል። የሳይበር ወንጀለኛም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በበጋ ለአንድ ወር ቢዘጋ ብዙም የማይጎዳው ድርጅት፣ ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ወይም እህል በሚገባበት ሳምንት ለሦስት ቀን ቢዘጋ ይጨነቃል። የተጨነቀ ደግሞ ይከፍላል።

ሰርቨር የማን ነው?

ሰርቨር በመሠረቱ ኮምፒዩተር ነው። ከሌላው የሚለየው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለብዙዎች በአንድ ጊዜ የሚያገለግል መሆኑ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር የአንድ ቤት ጎታ ነው ብንል፣ ሰርቨሩ የማኅበሩ የጋራ መጋዘን ነው። የሂሳብ ሠራተኛዋ የምትከፍተው መዝገብ፣ የመጋዘን ኃላፊው የሚያየው ክምችት፣ ሥራ አስኪያጁ የሚያወጣው ሪፖርት ሁሉ ከዚያ ይመጣል። የጋራ መጋዘን ሲቃጠል የአንድ ሰው እህል ብቻ እንደማይቃጠል ሁሉ፣ ሰርቨር ሲጠቃም ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ አይሆንም።

አንዳንድ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ጭንቀት ነው ሊል ይችላል። እስኪ በዙሪያችን ያለውን እንመልከት። የገጠር መሬት ይዞታ መረጃ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት በየወረዳው ሲመዘገብ ቆይቷል። የማሳው ካርታ፣ ስፋቱና የባለይዞታው ስም በሰርቨር ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናና ሰሊጥ የሚያገበያየው በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከባንክ ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ገንዘቡን በስልኩ ያንቀሳቅሳል። የከተማው ነዋሪ የመብራትና የውኃ ሂሳብም እንዲሁ በኮምፒዩተር ይሠራል። ሰርቨሩን አይተነው የማናውቅ እንኳ ብንሆን፣ ኑሯችን ከእርሱ ጋር ከተያያዘ ቆይቷል።

ጥቃቱም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በመንግሥትና በግል ተቋማት ድረ ገጾች ላይ ያነጣጠሩትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። ጊዜው የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት የሚጠበቅበት ክረምት መግቢያ መሆኑን ልብ ይሏል። እዚያም አጥቂው ወቅት መርጧል።

በየትኛው በር ይገባሉ?

በፊልም ላይ የኮምፒዩተር ሰርጎ ገብ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ቁልፉን በፍጥነት እየመታ፣ በደቂቃ ውስጥ የብረት በር ሰብሮ ሲገባ እናያለን። እውነቱ ከዚህ በጣም የቀለለ፣ ስለዚህም ይበልጥ የሚያስፈራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሩ አይሰበርም፤ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

በሚያዝያ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ነዳጅ የሚያጓጉዘው ኮሎኒያል ፓይፕላይን በጥቃት ምክንያት መስመሩን ዘጋ። በነዳጅ ማደያዎች ረጅም ሰልፍ ታየ። በኋላ እንደታወቀው አጥቂዎቹ የገቡት ከሩቅ ሆኖ ወደ ኩባንያው ኔትወርክ ለመግባት በሚያገለግል አንድ አሮጌ የተጠቃሚ ስም ነው። ስሙ ሥራ ላይ አልነበረም፤ ነገር ግን አልተዘጋም። የሚጠብቀውም የይለፍ ቃል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ባንኮች በስልክ ቁጥር እንደሚልኩት ዓይነት ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው 75 ቢትኮይን፣ ማለትም በወቅቱ ዋጋ 4 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አብዛኛውን ቢትኮይን ማስመለስ ቢችልም መስመሩ ለቀናት ተዘግቶ ከርሟል። ከሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የመጋዘን ቁልፍ ሳይመልስ እንደመሄድ ያለ ነገር ነው፤ ቁልፉን ማን እንዳገኘው የሚታወቀው እህሉ ከተጫነ በኋላ ነው።

ሌላው በር ኢሜይል ነው። ደረሰኝ፣ የጨረታ ሰነድ ወይም የደመወዝ ዝርዝር መስሎ የሚመጣ ፋይል ይከፈታል፤ ከጀርባው ያለው ሶፍትዌር ሥራውን ይጀምራል። ሦስተኛው ያልታደሰ ሶፍትዌር ነው። ኩባንያዎች በምርታቸው ላይ ቀዳዳ ሲያገኙ ማዘመኛ ያወጣሉ፤ ማዘመኛው ሲወጣ ግን ወንጀለኛውም ቀዳዳው የት እንደነበር ይማራል። ከዚያ በኋላ ያለው የሩጫ ውድድር ነው፤ የዘገየ ይጠቃል። በአገራችን ደግሞ አንድ የሚጨመር አለ። የፈቃድ ክፍያ ለማስቀረት ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ማዘመኛ አይቀበልም፤ የሰበረው ሰው ምን እንደጨመረበትም የሚያውቅ የለም። በነጻ የተገኘ በቅሎ ጥርሱ አይታይም ይባል ይሆናል፤ የዚህኛው ጥርስ ግን መታየት አለበት።

አጥቂዎች ከገቡ በኋላ አይቸኩሉም። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ዝም ብለው ኔትወርኩን ያጠናሉ። የሥርዓቱ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የት እንዳለ ይፈልጋሉ፤ እርሱን ካገኙ ሁሉም በር ይከፈትላቸዋል። ቀጥሎ የመጠባበቂያ ቅጂዎች የት እንደተቀመጡ አይተው ያጠፏቸዋል። ከዚያ ጠቃሚ ሰነዶችን ይሰርቃሉ። መቆለፉ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እርሱንም ብዙ ጊዜ ሌሊት ወይም በበዓል ቀን ያደርጉታል። በዓለም ትልቁ የሥጋ አቅራቢ ኩባንያ ጄቢኤስ በግንቦት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጠቃው እሑድ ቀን ነው፤ ማግሥቱም በአሜሪካ ብሔራዊ በዓል ነበር።

የጋና መብራት መጥፋት

ስለ ሰርቨር ጥበቃ ከሚነገሩ እውነተኛ ታሪኮች ሁሉ የሜርስክ ታሪክ የሚበልጥ ትምህርት አለው። ሜርስክ የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከዓለም የባሕር ጭነት አቅም አንድ አምስተኛ የሚጠጋው በእጁ ነበር።

ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በሚገኘው የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መስታወቶች ተራ በተራ ጠቆሩ። የጥቃቱ መነሻ ዩክሬን ነበረች። በዚያች አገር ለግብር ሥራ በሰፊው የሚያገለግል ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ የሂሳብ ሶፍትዌር አለ። አጥቂዎቹ የዚህን ሶፍትዌር አምራች ሰርቨር ተቆጣጥረው፣ ለደንበኞች በሚላከው ማዘመኛ ውስጥ ኖትፔትያ የተባለውን አውዳሚ ፕሮግራም ደብቀው ላኩ። ሜርስክ በኦዴሳ ከተማ ባለው ቢሮው ይህን ሶፍትዌር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖት ነበር። አንድ ኮምፒዩተር በቂ ሆነ።

ኖትፔትያ የተስፋፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በዊንዶውስ ላይ የነበረ ቀዳዳ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ማለትም ከሦስት ወር በፊት፣ መድፈኛውን አውጥቶለት ነበር። ሁለተኛው በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ የቀረ የይለፍ ቃል እየለቀመ በእርሱ ወደ ቀጣዩ ኮምፒዩተር መሻገር ነው። በሁለተኛው ምክንያት፣ ማዘመኛውን የጫነ ኮምፒዩተር ሳይቀር ካልጫነው ጎረቤቱ ተጋባበት። ተላላፊ በሽታ በተከተበና ባልተከተበ መንጋ መካከል የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ይህ ፕሮግራም ቤዛ የሚጠይቅ መልእክት ቢያሳይም በእርግጥ መክፈቻ አልነበረውም፤ ዓላማው ማጥፋት ነበር። አሜሪካና ብሪታኒያ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ድርጊቱን የፈጸመው የሩሲያ ጦር ነው ሲሉ ከሰሱ፤ ሩሲያ አስተባበለች። በዓለም ዙሪያ ያደረሰው ጉዳት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ በአሜሪካ መንግሥት ተገምቷል።

በወደቦች የሆነው ለገበሬ ይገባዋል። መርከቧ ደርሳለች፤ ክሬኑም ቆሟል፤ የትኛው ኮንቴይነር የማን እንደሆነ የሚናገረው ኮምፒዩተር ግን ዝም ብሏል። የከባድ መኪና ሹፌሮች በበሩ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። በቅዝቃዜ የሚጓዝ ሸቀጥ ኤሌክትሪክ ካልተሰካለት ይበሰብሳል። ዕቃው ሳይጎድል፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ መዝገቡ ብቻ በመጥፋቱ ሁሉም ቆመ።

ኩባንያው መልሶ ለመቆም ሲነሣ አንድ አስደንጋጭ ነገር አገኘ። የአብዛኞቹ ሰርቨሮች መጠባበቂያ ቅጂ ነበረው። ማን ተጠቃሚ እንደሆነ፣ ማን ወዴት መግባት እንደሚፈቀድለት የሚያውቁት ሰርቨሮች ግን ቅጂ አልነበራቸውም። እነዚህ 150 ያህል ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው መረጃ ስለሚለዋወጡ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊጠፉ እንደሚችሉ ያሰበ አልነበረም። እነርሱ ከሌሉ ሌላው ቅጂ ሁሉ ቁልፍ እንደሌለው ሣጥን ነው።

ሠራተኞቹ በየአገሩ ስልክ እየደወሉ ፍለጋ ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ተገኘ፤ ጋና ውስጥ። ጥቃቱ ሲደርስ በጋናው ቢሮ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሰርቨሩም ጠፍቶ ስለነበር ኖትፔትያ አላገኘውም። እኛ በየዕለቱ የምናማርረው የመብራት መቆራረጥ የዓለምን ትልቅ የመርከብ ኩባንያ አዳነው ማለት ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። መረጃውን በኢንተርኔት ወደ እንግሊዝ ለመላክ ሲሞከር የጋናው መስመር ቀርፋፋ ሆኖ ቀናት የሚወስድ ሆነ። ከጋናው ቢሮ ደግሞ የብሪታኒያ ቪዛ ያለው ሠራተኛ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበው፤ ያኛው ወደ ለንደን ወሰደው። ሜርስክ በዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ ተመሥርቶ በአሥር ቀን ውስጥ 4 ሺህ ሰርቨሮችንና 45 ሺህ ኮምፒዩተሮችን እንደገና እንዳቋቋመ ሊቀመንበሩ በኋላ ተናግረዋል። ኪሣራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

የተለየው ቅጂ

በግብርና ኮሌጅ ስለ ዘር አያያዝ ስንማር የመጀመሪያው ነገር መለየት ነበር። ለዘር የሚሆነው ከሚበላው ይለያል፤ ተለይቶም በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ቦታ ይቀመጣል። እናቶቻችን ይህን ያለ ኮሌጅ ያውቁታል። ነቀዝ ጎተራውን ቢገባበት፣ አይጥ ቢፈጀው፣ ቤተሰቡ እስከ መጪው መኸር ይራባል እንጂ መሬቱ ጦም አያድርም። ዘሩ ከምግቡ ጋር በአንድ ጎተራ ከሆነ ግን የሚቀጥለውም ዓመት ይጠፋል።

የጋናው ሰርቨር ያዳነው ከሌሎቹ የተሻለ ስለነበረ አይደለም። የተለየ ስለነበረ ነው። በአጋጣሚ የሆነውን ሆን ብሎ ማድረግ የሰርቨር ጥበቃ ዋና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የዘርፉ ባለሙያዎች በቁጥር ያስቀምጡታል፦ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቢሮው ውጪ ይሁን። እኔ ከሦስቱ ለመጨረሻው አደላለሁ፤ እርሱም ከኔትወርክ የተነቀለ መሆን አለበት። አጥቂው የሚደርስበት ቅጂ ቅጂ አይባልም።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ወደ አንድ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ጽሕፈት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ሰርቨሩ ጥሩ ነው፤ ክፍሉ ተቆልፏል፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪም አለው። መጠባበቂያ ቅጂ እንዳላቸው ጠየቅሁ። አለን አሉኝና አሳዩኝ። ሃርድ ዲስኩ በሰርቨሩ አናት ላይ ተቀምጧል፤ ገመዱም ቀን ከሌሊት ተሰክቷል። ሰርቨሩን የቆለፈ አጥቂ በዚያው ትንፋሽ እርሱንም ይቆልፈዋል። ከቅጂው ላይ መረጃ መልሳችሁ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ስል የመለሰልኝ የለም። እነርሱን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው፤ ቅጂ ማድረጋቸው ራሱ ከብዙዎች ያስቀድማቸዋል። መፍትሔው ግን ገንዘብ አይጠይቅም፦ ሁለት ሃርድ ዲስክ በየሳምንቱ ማፈራረቅ፣ አንዱን ነቅሎ በሌላ ሕንፃ ካዝና ውስጥ መቆለፍ። መረጃው የአባላት ስለሆነ የሚወጣው ዲስክም በይለፍ ቃል የተመሰጠረ መሆን አለበት። በየሩብ ዓመቱም አንድ ቀን ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ መሞከር ነው። ዘር ሳይዘራ በፊት እፍኝ ወስደን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እንደምንፈትነው ማለት ነው። ያልበቀለ ዘር ጆንያው ቢሞላም ዘር አይደለም።

ቅጂ ሁሉን አይፈታም። ጄቢኤስ መጠባበቂያ ሰርቨሮቹ እንዳልተነኩ አስታውቆ ነበር፤ ፋብሪካዎቹም በቀናት ውስጥ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። እንዲያም ሆኖ 11 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። የከፈለው መረጃው እንዳይወጣና ሌላ ችግር እንዳይከተል በመስጋት ነው። ቅጂ ሥራን ያስቀጥላል፤ የተሰረቀ ምስጢርን ግን አይመልስም። ለዚህ ነው በሩን መዝጋትም የሚያስፈልገው። የለቀቀ ሠራተኛ ስም በዚያው ቀን ይሰረዝ። ከውጭ ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባ መንገድ ሁሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው፤ የማያስፈልግ ከሆነም ይዘጋ። ማዘመኛ የሚጫንበት ቀን ይወሰን። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ለዕለት ሥራ አይዋል። የሂሳብ ክፍሉ፣ የመጋዘኑና የእንግዳ ኢንተርኔቱ በአንድ ኔትወርክ ላይ አይዋሉ፤ የታመመው በሬ ከመንጋው እንደሚለይ ሁሉ አንዱ ሲጠቃ ሌላው እንዲተርፍ።

ጥቃቱ ከደረሰስ? መጀመሪያ የኔትወርኩን ገመድ መንቀል፣ ዋይፋዩን መዝጋት ይገባል። ኮምፒዩተሩን በድንጋጤ ማጥፋት ወይም ወዲያው እንደ አዲስ መጫን አይመከርም፤ ለመርማሪ የሚጠቅም አሻራ ይጠፋል። ጉዳዩን ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ለፖሊስ ማሳወቅ ይከተላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንም፣ መረጃ ማበላሸትንም ወንጀል አድርጎ ይደነግጋል። ብዙ ድርጅቶች ግን ስማቸው እንዳይጎድፍ በመፍራት ጉዳዩን ደብቀው ይይዙታል። ይህ ለአጥቂው ውለታ መዋል ነው፤ በዚያው መንገድ ወደ ጎረቤት ድርጅት ይሄዳላና።

የእነዚህን ሰዎች ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ቅደም ተከተሉንና በእጅ የሚሠራበትን ቅጽ በወረቀት አትሞ መያዝም ያስፈልጋል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ዕቅዱ ራሱ በተቆለፈው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ግን በጭንቁ ቀን የሚያነበው የለም። ኒው ኮኦፐሬቲቭ በመኸር መሀል እህል መረከብ የቀጠለው ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራበትን መንገድ ስላገኘ ነው።

ገበሬውና የከተማው ነዋሪ ሰርቨር አይጠብቁም፤ የሚችሉት ግን አለ። የይዞታ ደብተር፣ የማዳበሪያ ደረሰኝ፣ ምርት ያስረከቡበት ቅጠል ከቤት አይጥፋ፤ መዝገቡ ቢጠፋ መነሻ የሚሆነው ይኸው ወረቀት ነው። በስልክ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር ከባንክ ወይም ከቴሌ ነኝ ለሚል ደዋይ መንገር አይገባም፤ ለማንም። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ከጠየቀ በኋላ ሦስት ነገር ሊጨምር ይችላል፦ የመዝገባችን ቅጂ የት ነው ያለው? አሁን ከሰርቨሩ ጋር ተያይዟል ወይስ ተነቅሏል? ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ የተሞከረውስ መቼ ነው? ዘንድሮ ጉባኤው የሚካሄደው ከማዳበሪያ ሥርጭት በፊት ከሆነ፣ መልሱን ለመስማት ጊዜው ያኔ ነው።